ከአስፋልት የወረደችው ዶቅዶቄ

ከሚሴ ላይ በአማርኛ የሚጨዋወተውም በኦሮምኛ የሚጨዋወተውም ሞተር ሳይክልን ሲጠራት የኖረው በአንድ ስም ነው፦ ዶቅዶቄ። ስሙን ያወጣላት ድምፅዋ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ቀስ ብሎ ሲመታ የሚያሰማውን ሁለቱም ቋንቋዎች እንደሰሙት ተቀብለው ስም አደረጉት። የዛሬ ወጣት “ሞተር” ብሎ ያልፋታል፤ አባቶቹ ግን ገና ሳትታይ ከሩቅ በጆሮ ይለዩዋት ነበር።

እነዚያ ቀላል ሞተር ሳይክሎች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮና በየጋራዡ ጥግ ቆመዋል፤ ጎማቸው ተንፍሷል፣ መቀመጫቸው ተቀዷል፣ የቤንዚን ሰልባትዮአቸው ዝጓል። ቆራሌው በኪሎ ሲገዛቸው ተራ ብረት ናቸው። በሌላው ዓለም አሮጌ ሞተር ሳይክል ፈትቶ ማደስ የጡረተኛም የወጣትም የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ለከሚሴና ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ደግሞ ጉዳዩ ከጊዜ ማሳለፊያ ከፍ ይላል። ከዋናው መንገድ ርቀው የሚገኙ የቆላ ቀበሌዎች ክትባትና የእርሻ ምክር የደረሳቸው መጀመሪያ በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በእነዚህ ዶቅዶቄዎች ነው። ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። የጤና ሠራተኛውን ተሸክማ ስለወረደችው ሞተር የጻፈ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም።

ከሚሴ የመንገድ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያለ ከሚሴ ሲገባ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ካፖርት ያስለበሰው አየር ሸሚዝ ያስፈታዋል። ይህ የከፍታ ልዩነት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለሞተርም ትልቅ ነገር ነውና ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ መስመር ሞተር በብዛት የመጣው በክፉ ቀን ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ የተሽከርካሪ ሠራዊት ከደሴ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ አስቸገረው፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። የጣሊያን ጦር በዚያ ዘመን ከያዛቸው ሞተር ሳይክሎች አንዱ ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 ነበር፤ 500 ሲሲ፣ ለወታደር ተብሎ የተሠራ ከባድ ብረት። ወራሪው መንገዱን አስተካክሎ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋውን የጣርማ በር ዋሻ ፈለፈለ። በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ሚያዝያ 18 ቀን፣ በ1933 ዓ.ም. ደሴ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ደሴን የያዙት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች የመጡት ከአዲስ አበባ በዚሁ የከሚሴ መንገድ ነበር።

ወታደሮቹ ሄዱ፤ ቃላቸው ቀረ። ዛሬ ከሚሴ ጋራዥ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ወጣት ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አይችልም፤ ግን ቀኑን ሙሉ በጣሊያንኛ ዕቃ ሲጠራ ይውላል። ብሎኑን የሚፈታው በካቻቢቴ ነው፤ የሚይዘው በፒንሳ። እሳት የምትረጨው ካንዴላ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ወይም የሚጨበጠው ፍሪሲዮን፣ ሰንሰለቱ ካቴና፣ የጭስ መውጫው ማርሚታ፣ ጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ፣ የጎማው ብረት ቸርኬ፣ የውስጡ ጎማ ካላማዳሪያ፣ ውጪው ኮፐርቶን ነው። የባለቤትነት ደብተሩ እንኳ ሊብሬ ነው። የአንድ ሙያ ታሪክ ከማንኛውም ሰነድ ይልቅ በዕቃዎቹ ስም ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። የጃፓን ሞተር ሲመጣ የጃፓን ስም ይዞ አልገባም፤ በቆየው ስም ተጠመቀ።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የመጀመሪያውን የመንገድ ብድር ተበደረች። ዋናው መንገድ እየተሻሻለ፣ የጭነት መኪናውና አውቶቡሱ እየበዛ ሄደ። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ግን ነገሩ እንደነበረ ነው። የጨፋ ረግረግ፣ የቦርከና ወንዝ፣ ወደ አፋር የሚያዘቀዝቀው ቆላ፣ ወደ ሰኞው የባቲ ገበያና ወደ እሑዱ የሰንበቴ ገበያ የሚወስደው የእግር መንገድ፣ የግመል ቅፍለት የሚተምበት ጥሻ ሁሉ ከአስፋልት ውጭ ነው። እዚያ የሚደርስ መኪና ውድ ነው፤ በክረምትም ይሰምጣል። በጠባብ የእግር መንገድ የሚገባ፣ ጭቃ ሲይዘው አንድ ሰው ጎትቶ የሚያወጣው፣ በጥቂት ሊትር ቤንዚን ሩቅ የሚሄድ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ያ ነገር ግን ሩቅ አገር ተፀንሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ጀርመን ውስጥ ቾፓው በምትባል ከተማ ዲካቬ የተባለው ፋብሪካ አርቲ 125 የተሰኘች ትንሽ ሞተር ሳይክል አወጣች። ኸርማን ቬበር የነደፋት ባለ ሁለት ምት፣ 125 ሲሲ ማሽን ናት፤ ቫልቭ የላት፣ የቫልቭ ማንቀሳቀሻ ዘንግ የላት፣ በውስጧ የሚንቀሳቀሰው ክፍል በጣት የሚቆጠር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንድፏ የአሸናፊዎቹ ምርኮ ሆነ። ሶቪየቶች ሞስክቫ ብለው ሠሯት፤ እንግሊዞች ቢኤስኤ ባንታም አሏት፤ አሜሪካ ውስጥ ሃርሊ ዴቪድሰን በራሱ ስም አወጣት። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ፒያኖና ኦርጋን ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን፣ ዋይኤ 1ን፣ በእርሷ አምሳል ሠራ። ዛሬ ገጠር ድረስ ስሙ የሚታወቀው ያማሃ የሞተር ዘሩ የሚመዘዘው ከዚያች የጀርመን ፋብሪካ ነው። ያችው ፋብሪካ ከጦርነቱ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን ኢፋ በሚባለው የተሽከርካሪ ማኅበር ሥር ገባች፤ በደርግ ዘመን ከሚሴን አቋርጦ ሲያልፍ የኖረውን ኢፋ የጭነት መኪና ያወጣውም ይኸው ማኅበር ነው። የአንድ ቤት ልጆች በሁለት በር ዞረው በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

የዘመኑ ችግር ምን እንደነበር ለማወቅ ወባን ማስታወስ ይበቃል። በ1950 እና 1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ በ1951 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ሠራተኞቹ መድኃኒት ለመርጨት በየቤቱ መግባት ነበረባቸው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከእርሱም ጋር ሌላ ጭንቀት መጣ። ክትባት ሙቀት ይገድለዋል። በበረዶ የታሸገው ሳጥን ከጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ከወጣ ጀምሮ ሰዓት ይቆጠርበታል። የቦርከና ሸለቆ ሐሩር ለዚያ ሰዓት አያዝንም። በበቅሎ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ቀበሌ በሞተር በአንድ ሰዓት ከተደረሰ፣ የልዩነቱ ስም የተከተበ ሕፃን ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ባቲ ላይ ትልቅ የመጠለያ ካምፕ ተተክሎ ወሎ በዕርዳታ ተሽከርካሪ ስትሞላ፣ ከትልልቆቹ መኪኖች ጎን ለጎን እነዚህ ትንንሾቹም ነበሩ።

ለዚህ ሥራ ከመጡት መካከል ጠጋ ብሎ መታየት የሚገባት ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ኤጂ ማለት እርሻ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የታሰበችው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከብት ለሚጠብቁ ገበሬዎች ነበር፤ ኋላ የአፍሪካ ገጠር ሠራተኛ ሁሉ ወረሳት። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ተከቷል፤ ጭቃና አሸዋ እንዳይበላው ነው። መቆሚያ እግሯ በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ በየትኛውም ጎን ትቆማለች። ፍሪሲዮኗን ጨብጦ የሚይዝ መቆለፊያ አላት፤ ነጂው ማርሽ ሳያወጣ ወርዶ የግጦሹን በር ይከፍታል። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት አላት። ሞተሯ 97 ሲሲ ብቻ ነው። ለውበት የተጨመረባት አንድም ነገር የለም፤ ጥንቅቅ ያለ የሥራ ዕቃ ቆንጆ ሊሆን እንደሚችል ከእርሷ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።

በከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ ዘር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1946 ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ለፒያጆ ፋብሪካ ቬስፓን ነደፈ፤ ቬስፓ ማለት ተርብ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባለ ሦስት እግሯ አፔ መጣች፤ አፔ ማለት ንብ ነው። የሕንዱ ባጃጅ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ሁለቱንም ሠራ፤ ከዚያ የወጣችው ባለ ሦስት እግር ዛሬ ከሚሴ ላይ ሰውን ከመናኸሪያ ወደ ገበያ ታመላልሳለች። ተርቧ አዲስ አበባና አስመራ ቀረች፤ ንቧ ከሚሴ ደረሰች።

እንግዲህ አንድ የከሚሴ ወጣት ከጨረታ ወይም ከጓሮ ያገኛትን ያማሃ ለማደስ ተነሣ እንበል። መጀመሪያ መርገጫውን ሲረግጠው ንቅንቅ አይልም። በዝናብ ብዛት ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። እዚህ ላይ የጀማሪ ስህተት በመዶሻ መምታት ነው። የሚበጀው ካንዴላዋን ነቅሎ በቀዳዳው ናፍታ ማፍሰስና ጥቂት ቀን መተው ነው፤ ናፍታው ዝገቱን እየዘለቀ ያላላዋል። ፒስተኑ ከወጣ በኋላ ሲሊንደሩ በጥፍር ይዳሰሳል። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ካለ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሞረዳል፤ ሰፋ ያለ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ይገባለታል። የሰልባትዮው ዝገት የሚወጣው በትንንሽ ጠጠርና በውሃ ሞልቶ ክንድ እስኪዝል በመነቅነቅ ነው፤ ውሃው ቡና መስሎ ይወጣል፤ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ደጋግሞ መነቅነቅ። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይተዋል።

ሞተሯ ከተነሣች በኋላ የከፍታው ነገር ይመጣል። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ይቀነስለታል። ያው ሞተር ሳይስተካከል ጣርማ በርን ወርዶ ከሚሴ ሲገባ ወፍራሙን አየር ሞልቶ ይስባል፤ ቤንዚኑ ያንስበታል፤ ሙቀት ይበዛበትና ፒስተኑ ዳግመኛ ይጣበቃል። መካኒኩ ይህን የሚያነበው ካንዴላዋን ነቅሎ ነው። ጫፏ ቡናማ ከሆነ ደግ ነው፤ ጥቁርና ዘይታም ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ግን አደጋ ነው፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ከሚሴ ላይ የምትሠራ ሞተር ለከሚሴ አየር መቃኘት አለባት።

ይህ ሙያ ከሚሴ ውስጥ አዲስ አይደለም። የባጃጅና የሞተር ጠጋኞች ዕለት ዕለት የሚሠሩት ነው፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላው አውርደው ይገጥማሉ፣ የተቀደደ ላሜራ ያበይዳሉ፣ የደረቀ ጎሚኒ ቆርጠው ይሠራሉ። አዲስ የሚሆነው ለእንጀራ ሳይሆን ለታሪክ ተብሎ ሲሠራ ነው፤ የቀድሞውን ቀለም፣ የቀድሞውን መጫኛ ብረት፣ በሰልባትዮው ላይ የተጻፈውን የመሥሪያ ቤት ስም ሳይፍቁ መመለስ። በተለይ ያ ጽሑፍ እንዳይጠፋ አደራ የሚያሰኝ ነው። ብዙ አዳሾች መጀመሪያ የሚፍቁት እርሱን ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን እርሱ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች አዲስ አበባ ላይ በቤተ መንግሥት ለጎብኚ ቀርበዋል፤ ይገባቸዋልም። የክትባት ሳጥን የተሸከመችው ዶቅዶቄ ግን እስካሁን አንድ ግድግዳ አልተሰጣትም።

መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ ንብረቶቻቸውን በጨረታ ሲያስወግዱ በበኩር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል። አሮጌ ሞተር ለማደስ የሚሻ ሰው እዚያ ይመልከት፤ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙንም ሳያይ ገንዘብ አያውጣ። በጓሮው የቆመች ዶቅዶቄ ያለው ደግሞ ቆራሌውን ከመጥራቱ በፊት ይነዳት የነበረውን ሰው ይፈልግ። ጡረታ ወጥቶ እዚያው ከሚሴ፣ ሐርቡ ወይም ባቲ ይኖር ይሆናል። ሞተሯ አጠገብ አስቀምጦ በየትኛው ቀበሌ በየትኛው ወንዝ እንደተሻገረባት ይጠይቀው፤ የሚለውንም ይጻፍ።