ቲቸር፣ ሳሙናዬ ሻገተብኝ

ባለፈው ወር አንድ ማታ ቴሌግራሜ ላይ ፎቶ ገባ። ብርቱካንማ ሳሙና ነው፣ ላዩ ላይ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ሳሙናዬ ሻገተብኝ» ይላል። የላከችው የዛሬ ስድስት ዓመት አስረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ ናት። የእቁብ ብሯን አውጥታ ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ገዝታ፣ በካሮት የተሠራ ሳሙና ለሰፈር ሰው መሸጥ ጀምራ ነበር። አርባ ፍሬ ሠርታ ሃያ ስድስቱ ሻገተ። «ይሄ ካልሆነ ፓስፖርቴን አውጥቻለሁ፣ አረብ አገር እሄዳለሁ» አለችኝ።

መጀመሪያ የመለስኩላት «እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ኬሚስትሪ መምህርሽን ጠይቂ» ብዬ ነው። እሷ ግን «የሳሙናን ታሪክ ያስተማርከን አንተ ነህ እኮ» አለች። እውነቷን ነው። ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ሳስተምር ክፍሉ እንቅልፍ ሲይዘው የማወጣት ወሬ ሳሙና ነበረች።

እዚህ ላይ ግን የቀድሞ ተማሪዎቼን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ሮም አጠገብ ሳፖ የሚባል ተራራ ነበረ፣ የመሥዋዕት እንስሳት ስብና አመድ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ገባ፣ ልብስ አጣቢ ሴቶችም ልብሳቸው ሲነጣ አይተው ሳሙና ተገኘ ብዬ ለዓመታት አስተምሬያችኋለሁ። ተረት ነው። እንዲህ የሚባል ተራራ የለም፣ ስለዚህ ነገር የጻፈ የጥንት ደራሲም አልተገኘም። ሳፖ የሚለውን ቃል የምናገኘው አንደኛው ክፍለ ዘመን ላይ ከኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ነው። እሱ ደግሞ የጎል ሰዎች ከስብና ከአመድ የሚሠሩት፣ ፀጉር የሚያቀሉበት ነገር ነው ብሎ ነው የጻፈው። ስለ ልብስ ማጠብ አላነሳም። ደብተራችሁ ላይ የጻፋችሁትን ሰርዙት።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አሠራሯን ግራም በግራም ጻፊልኝ አልኳት። ግማሽ ኪሎ የፓልም ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ የሱፍ ዘይት፣ 110 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ 270 ግራም ውኃ፣ 300 ግራም ተቀቅሎ በሹካ የተደቆሰ ካሮት። ይህን ይዤ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ባልደረባዬ ጋ ሄድኩ። ገና ወረቀቱን ሲያይ ሳቀ። «ይሄ ሳሙና ሳይሆን ወጥ ነው» አለ።

ነገሩን የገለጠልኝ ግን ታሪኩ ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ በቀዝቃዛው መንገድ የሚሠራው ሳሙና ከድሮዎቹ ሳሙና አፍሊዎች ሥራ በአንድ ነገር ይለያል። የማርሴይ ሠራተኞች ዘይቱን ከሶዳው ጋር በትልልቅ ጋን ለቀናት ያፈሉታል፣ ከዚያ ጨው ይጨምሩበታል። ጨው ሲገባ ሳሙናው ተለይቶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከሥር ያለው ውኃ ቆሻሻውን፣ ትርፉን ሶዳና ግሊሰሪኑን ይዞ ይወርዳል። ያንን አፍስሰው እንደገና ያጥባሉ። ስለዚህ ጋኑ ውስጥ የገባ እንግዳ ነገር ብዙው ከታች ወጥቶ ይሄዳል። በቀዝቃዛው መንገድ ግን የሚወጣ ነገር የለም። የጨመርሽው ካሮት፣ ቃጫው፣ ስኳሩ፣ ውኃው፣ ሁሉም እዚያው ሳሙናው ውስጥ ይቀመጣል።

ማርሴዮች ይህን የንጽሕና ጉዳይ በሕግ ነበር የያዙት። እ.ኤ.አ. በ1688 የሉዊ 14ኛ መንግሥት ባወጣው ደንብ የማርሴይ ሳሙና ከወይራ ዘይት በቀር ሌላ ስብም ሆነ ቅቤ እንዳይቀላቀልበት ተከልክሏል፤ የቀላቀለ ዕቃው ይወረሳል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ (በእነሱ አቆጣጠር) ሳሙና መሥራትም ተከለከለ፣ ሙቀቱ ሳሙናውን ያበላሸዋል ተብሎ። ይህን ለልጅቷ ስነግራት «እኔ እኮ የሠራሁት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በቀትር ነው» አለች።

በነገራችን ላይ አትክልት ሳሙና ውስጥ መግባቱ የዛሬ ፋሽን አይደለም። አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ላይ አውሮፓ ውስጥ የድንች ስታርች ሳሙና ውስጥ የሚጨምሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ያኔ ለውበት ሳይሆን ለማጭበርበር ነው፤ ስታርቹ ውኃ ይይዛል፣ ውኃ ደግሞ በሳሙና ዋጋ ይሸጣል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያስቀምጠው ሳሙናው ይሟሽሻል። የእኛዋ ልጅ ሳታውቅ ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ካሮት ከመቶ ሰማንያ ስምንት ያህሉ ውኃ ነው። 300 ግራም ካሮት ማለት 264 ግራም ውኃ ማለት ነው። በዚያ ላይ 270 ግራሙ ሲጨመር ከ530 ግራም በላይ ይሆናል፤ ለአንድ ኪሎ ዘይት ከሚያስፈልጋት እጥፍ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ሶዳው ነው። እጅ እንዳይጎዳ ብላ ቀነሰችው። ደግነት ነው፣ ግን ሳሙና በደግነት አይሠራም። እያንዳንዱ ዘይት የራሱ የሶዳ ልክ አለው። ለአንድ ግራም የፓልም ዘይት 0.142 ግራም፣ ለሱፍ 0.135 ግራም ገደማ። ሲደመር 138 ግራም ተኩል ይመጣል። ለጥንቃቄ ከመቶ አምስት ሲቀነስ 131 ግራም ተኩል አካባቢ ነው። እሷ 110 አደረገችው። ከዘይቱ አንድ አምስተኛው ሳሙና ሳይሆን ዘይት ሆኖ ቀረ። የሱፍ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይከረፋል። ያልሻገቱት አሥራ አራቱ ላይ የታየው ቡናማ ነጠብጣብና የከረፋ ሽታ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ልክ መኖሩን በደንብ ያስረዳን ሚሼል ሼቭሩል የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 አንድ የሳሙና ናሙና እንዲመረምር ተሰጠው፤ ከዚያ ሥራ ሳይወጣ በ1823 ስለ ስብ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ስብ ማለት የስብ አሲድና ግሊሰሪን ተጣምረው መሆኑን፣ ሶዳው የሚያደርገውም ያንን ጥምረት መፍታት እንደሆነ ያሳየው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሳሙና አፍሊ የሚያውቀው በምላሱ ነበር። በእውነት፣ ቀምሰው ነበር የሚያውቁት! ሰውዬው 102 ዓመት ኖረ። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚስቅ አይጠፋም፣ «ሳሙና ነው ያቆየው» እያለ።

ሶዳ ከምግብ ጨው መሠራት ለመጀመሩ ደግሞ ኒኮላ ለብላንን ማመስገን አለብን። ድሮ ሶዳ የሚገኘው ከባሕር ዳር ተክል አመድ፣ በተለይ ከስፔን ነበር። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 ከምግብ ጨው ሶዳ ለሚያወጣ ሽልማት አዘጋጀ። ለብላን፣ የኦርሊያን መስፍን ሐኪም የነበረው፣ ጨውን በሰልፈሪክ አሲድ፣ በኖራ ድንጋይና በከሰል አድርጎ መንገዱን አገኘ፤ በ1791 የባለቤትነት መብት አወጣ። ከዚያ አብዮቱ ደረሰበት። መስፍኑ አንገቱን ተቆረጠ፣ ፋብሪካው ተወረሰ፣ ምስጢሩም ለሁሉ ተገለጠ። ሽልማቱን አላገኘም። በኋላ ፋብሪካውን ቢመልሱለትም ማንቀሳቀሻ ገንዘብ አልነበረውም፤ በ1806 ራሱን አጠፋ። በእሱ መንገድ ግን እንግሊዞች በለጸጉ። ጭሱ ዙሪያውን ያለ ዛፍ እስኪገድል ድረስ ሠርተው፣ በ1863 ፓርላማቸው ስለ ጭሱ ሕግ አወጣ። ለልጅቷ ይህን አልነገርኳትም። ለዚያ ሳምንት የሚበቃ ሐዘን ነበራት።

አሁን ምን እናድርግ ለሚለው። የሻገተው ይጣል፣ አይቀመስም አይታጠብም አልኳት። ያልሻገቱትን አሥራ አራቱን ግን ባልደረባዬና እኔ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወሰድናቸው፣ እሷም መጣች። እንደ ማርሴዮቹ እናድርገው አልን። ፈቅፍቀን፣ ውኃ ጨምረን፣ የጎደለውን ሶዳ አስልተን በብረት ድስት አፈላነው (በአሉሚኒየም ድስት እንዳትሞክሩ፣ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚወጣውም ጋዝ ይቀጣጠላል)። ጨው ስንጨምርበት ሳሙናው እንደ እርጎ ተቆራረሰና ወደ ላይ ወጣ። ከሥር የቀረው ቡናማ ውኃ ውስጥ የካሮቱ ቃጫ ይዋኛል። የሚገርመው ቀለሙ ነው። የካሮት ቀለም የሚሟሟው በዘይት ስለሆነ ከሳሙናው ጋር ወጣ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ። ልጅቷ ዝም ብላ ታየው ነበር።

ለሚቀጥለው ዙር የተስማማነው ይህ ነው። 132 ግራም ሶዳ በ140 ግራም ቀዝቃዛ ውኃ ይሟሟል፤ ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውኃው፣ በፍጹም ውኃው ወደ ሶዳው አይደረግም፣ ጓንትና መነጽር ጋር። ካሮቱ 100 ግራም ብቻ፣ በወንፊት ተጨምቆ፣ ሶዳው ከመግባቱ በፊት ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ከፈሰሰ በኋላ በብርድ ልብስ አይጠቀለልም፣ የካሮቱ ስኳር ራሱ ያሞቀዋልና መሀሉ ተሰንጥቆ ሊገነፍል ይችላል። ሶዳው ክፍት ከቆየ ዕቃ ከተወሰደ ከአየር እርጥበት ጠጥቶ ይደክማል፣ ስለዚህ የታሸገ ይገዛ። ከዚያ ሳይታሸግ ነፋስ በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። እሷ በሳምንቱ ነበር በፕላስቲክ የጠቀለለችው።

በቀይ ሥርም ልሞክር ወይ ብላለች። አይሆንም፤ ሶዳው ያን የመሰለ ቀይ ቡናማ ያደርገዋል። ቆስጣም መጀመሪያ ያምራል፣ ብርሃን ሲያገኘው ይጠፋል። ዱባ ከካሮት ጋር አንድ ነው፣ ይሆናል።

እናቴ ግን ይህን ሁሉ ስነግራት «እንዶድ ምን አላችሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጋቢ በእንዶድ ሲነጣ ያየ ሰው የፈረንሳይ ወሬ አይገርመውም። እንዶድ ያለ ሶዳና ያለ ዘይት በራሱ አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው የቢልሃርዚያ ምርምራቸውን የጀመሩት፤ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ተራራ ሳፖን ስተርት ይህን ለተማሪ አለመንገሬ ያናድደኛል። ዘንድሮ ተራራው ወጥቶ እንዶድ ገብቷል።

አዲሱ ሳሙና ቅዳሜ ሦስተኛ ሳምንቱን ይይዛል። እስከ አሁን ሻጋታ የለም፣ ሲነካም ጠጥሯል። ዋጋውን ገና አልወሰነችም። ፓስፖርቱን አልጠየቅኳትም።