መንገዱና ቤታችን፤ ከለገሃር እስከ ቀላል ባቡር



ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደ ቤት ዋጋ ይመጣል። «እዚያ ማዶ አስፋልት ገባ፤ ቤቱ እጥፍ ሆነ» ይላል አንዱ። «የኛን ደግሞ መንገዱ ይነካዋል ተባለ» ይላል ሌላው። ለመሆኑ መንገድ የቤትን ዋጋ ከፍና ዝቅ ማድረግ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ነገሩ የዛሬ አለመሆኑን ለማሳየት ያህል የከተማችንን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፈሮቹ የተሰባሰቡት በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነበር። እንደ ሠራተኛ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉት እስከ ዛሬም በዚያው ስማቸው ይጠራሉ። በዚያን ጊዜ ቦታ የሚከበረው ለግቢ ባለው ቅርበት ነው። ጭነቱ ሁሉ በሰው ጫንቃ፣ በአህያ፣ በበቅሎና በግመል ስለነበረ፣ ማገዶ እየራቀ ሲሄድ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ መሆኑን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ግን ልብ እንበል፤ ችግሩ የማጓጓዣ ችግር ነበር።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ራሷ ከተማ የሆነችው ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት ስላልተመቸው ነው። ከዚህም የተነሣ የጥንቱ የሐረር ንግድ አብዛኛው ወደ ቆላው ወረደ። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው አንድ ትምህርት እናገኛለን። መንገድ ያለፈበት ሲነሣ፣ መንገድ የዘለለው ይቀዘቅዛል።

በአዲስ አበባም እንዲሁ ሆነ። ባቡር ጣቢያው የተሠራው ከአራዳ ገበያ ርቆ በስተደቡብ ባለው ሜዳ ላይ ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ ስሙ «ለገሃር» አልነው። አሁን የሚታየው የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከለገሃር ወደ አራዳ የሚወጣው መስመር የመጋዘን፣ የሆቴልና የንግድ ቤት መስመር ሆነ። ባቡሩ ቆርቆሮውንም እንደ ልብ ስላመጣ የሣር ክዳን እየቀረ ሄደ። ባቡሩ የቤቱን ቦታ ብቻ ሳይሆን የቤቱን ጣራም ለወጠ ማለት ነው።

ኋላም ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ዘመን ያገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ወሰደው። መርካቶ በዚህ ተፈጠረ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ተራም እዚያው ሆነና ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው መርካቶን ነበር። በዙሪያው አንዲት ክፍል ቤት ማግኘት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበረ ሽማግሌዎቻችን ይመሰክራሉ።

ቀጥሎ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አነስተኛ ኪራይም ተቀነሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ። እንግዲህ አስፋልት ዳር ይሁን ጉድባ ውስጥ፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ በዚያው ተመን ቆመ። የመንገድ ጥቅም አልጠፋም፤ ዋጋው ግን ዝም አለ።

ዋጋው እንደገና አፍ ያወጣው በሊዝ ነው። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ሲሆን በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ታዲያ ያረጀ የጭቃ ቤት ያን ያህል የሚያወጣው ለምንድን ነው? ገዢው የሚከፍለው ለጭቃውና ለቆርቆሮው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚከፍለው በየጧቱ ለሚተርፈው ሰዓትና ለሚቀርለት የታክሲ ሒሳብ ነው። ሁለት ታክሲ ይዞ የሚሠራ ሰው በአንድ ታክሲ ሲደርስ፣ የተረፈው ገንዘብ ቀስ እያለ ወደ ቤት ኪራዩ ይገባል። ባለቤት የሆነ ያተርፋል፤ ተከራይ ግን ያተረፈውን በወሩ መጨረሻ ለአከራዩ ያስረክባል።

መንገድ ሁሉ ግን ዋጋ አይጨምርም። በ1990ዎቹ የተሠራው የቀለበት መንገድ ለመኪና ብዙ ሲጠቅም፣ ማዶና ማዶ የነበሩ ጎረቤቶችን ለያይቷል። ለቡና የሚጠራሩ ሰዎች የእግረኛ ድልድይ ፍለጋ መዞር ግድ ሆነባቸው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ቀላል ባቡርም እንደዚሁ ነው። አያትንና ቃሊቲን ለመሀል ከተማ አቅርቧል። ሐዲዱ ባጠረበት መንገድ ዳር ያሉ ሱቆች ግን ከማዶ የሚመጣ ደንበኛ ቀርቶባቸዋል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸውም ሌላ ትምህርት ነው። ዋጋውን የሚያቆየው ተመላላሹ ባቡር ነው፤ ሐዲዱ ብቻውን ምንም አያደርግም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። መንገድ በሚያልፍበት ቦታ ቤቱ ሲነሣ፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ካሳ የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለመፈናቀሉ ነው። መንገድ ዳር መሆኑ ያመጣው ዋጋ አይታሰብም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይሰጠው እንደሆነ ነው እንጂ የቤት ካሳ የለውም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄዱ ያየነው ይህንኑ ነው። ከተማ መልማቱን እንወዳለን። ሆኖም ዋጋው በገንዘብ የማይተካ አንድ ንብረት አለ፤ እርሱም ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባል የለም?

ዕድር የተሠራው በእግር ርቀት ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ጥሩምባው ሲነፋ የሚሰማ፣ ድንኳኑን ተሸክሞ የሚደርስ፣ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ የገባ አባል ይህን ሁሉ እንደ ድሮው ያድርግ ማለት አይቻልም። ታዲያ ቀረ ብለን እንቅጣው? ስሙንስ እንሰርዘው? እኛ እንደሚመስለን አይገባም። መንገድ ያራቀው አባል ወርኃዊ መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ፣ ለርቀቱ የሚስማማ የመድረሻ ደንብ ቢወጣለትና ሐዘን ሲገጥመውም መኪና ተከራይተን ብንደርስለት ይሻላል። የኪራዩንም ወጪ ከወዲሁ በበጀት እንያዝ።

ነገ ተረኛው ማን እንደሆነ አናውቅምና፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አባላት አስበውበት እንዲመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።