ከደብዳቤው ግርጌ ያለው አድራሻ

«ዊርድ ቴልስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1930 የሰኔ እትሙ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው) የኤች. ፒ. ላቭክራፍትን «ዘ ራትስ ኢን ዘ ዎልስ» የተሰኘ አስፈሪ ታሪክ ለሁለተኛ ጊዜ አወጣ። በታሪኩ መጨረሻ አእምሮውን የሳተ አንድ ሰው ከዘመኑ እንግሊዝኛ ወደ ጥንታዊው፣ ከዚያም ወደ ላቲንና ወደ ጌሊክ እየወረደ በአያት ቅድመ አያቶቹ አንደበት ይለፈልፋል። ክሮስ ፕሌንስ በምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ የሚኖር የ24 ዓመት ወጣት ይህን አንብቦ ዝም ማለት አልቻለም። እንግሊዝ ውስጥ ጌሊክ ከየት መጣ? በዚያ ምድር የኖሩት የዌልሾች አባቶች አይደሉም ወይ? ደራሲው ጌሎች ከዌልሾች ቀድመው ብሪታንያ ገብተዋል የሚለውን ሐሳብ የሚከተል ሰው መሆን አለበት ብሎ ደመደመና ለመጽሔቱ አዘጋጅ ለፋርንስዎርዝ ራይት ጻፈ። ራይት ደብዳቤውን ለላቭክራፍት አስተላለፈው።

መላ ምቱ ትክክል አልነበረም። ላቭክራፍት ያቺን የጌሊክ ሐረግ የወሰዳት ከሌላ ደራሲ ታሪክ ነበር። ይሁን እንጂ ሮበርት ሃዋርድ የሚባለው ያ ወጣት፣ ራሱም በዚያው መጽሔት ላይ የሚጽፍና ከሁለት ዓመት በኋላ ኮናን የተባለውን ጀግናውን ለአንባቢ ያስተዋወቀ ሰው፣ ከላቭክራፍት ጋር እስከ ሞተበት እስከ ሰኔ 1936 ድረስ ተጻጻፈ። ስለ አረመኔነትና ስለ ሥልጣኔ አንዱ ሲያነሣ ሌላው እየመለሰ በብርቱ ተከራከሩ። በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ደብዳቤዎቻቸው በ2009 ሲታተሙ ሁለት ጥራዝ ሞሉ።

የፋንታሲ አንባቢ ጠባይ እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታየኛል። አንዲት መስመር ያዝ ታደርገዋለች፤ ከኋላዋ ያልተነገረ ዓለም አለ ብሎ ያምናል፤ ያንን ዓለም ብቻውን ሊይዘው አይችልም፤ የሚያካፍለው ሰው ይፈልጋል። ዛሬ በየስልኩ ላይ ስለ ድራጎኖችና ስለ ጠፉ ነገሥታት ሲከራከሩ የሚያድሩትን ወጣቶች አይቶ ይህ ነገር ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እኔ ግን ዕድሜው ወደ መቶ ዓመት እንደሚጠጋ፣ መነሻውም ቴክኖሎጂ ሳይሆን ከደብዳቤ ግርጌ የታተመ አድራሻ እንደሆነ ለማሳየት ነው ይህን የምጽፈው።

«ዊርድ ቴልስ» በመጋቢት 1923 ከቺካጎ መውጣት ሲጀምር «ዘ አይሪ» የሚባል የአንባቢያን አምድ ነበረው። ሰዎች የወደዱትንና የጠሉትን ታሪክ ይጽፉበት ነበር፤ ከቀደመው እትም የትኛው ታሪክ እንደተወደደም አዘጋጁ ይገልጽበት ነበር። ይህ ግን ከአንባቢ ወደ አዘጋጅ የሚሄድ ወሬ ነው። ነገሩን የለወጠው በሚያዝያ 1926 ሁጎ ገርንስባክ ያቋቋመው «አሜዚንግ ስቶሪስ» ነው። ይህ መጽሔት የአንባቢያንን ደብዳቤ ሲያትም የጸሐፊውን ሙሉ አድራሻ፣ መንገዱንና የቤት ቁጥሩን ሳይቀር፣ አብሮ ያወጣ ነበር። በሰፈሩም በትምህርት ቤቱም ስለነዚህ መጻሕፍት የሚያዋራው ያጣ ልጅ እንደ እርሱ የሚያስብ ሌላ ልጅ የት እንደሚኖር አወቀ። ቴምብር ገዛ፤ ጻፈ፤ የብዕር ጓደኛ አገኘ። የተጻጻፉት ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ ደግሞ የራሱን መጽሔት ማውጣት ጀመረ። በግንቦት 1930 ቺካጎ ውስጥ «ዘ ኮሜት» የወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የአንባቢዎች የራሳቸው መጽሔት ሲባል የመጀመሪያው ተደርጎ የሚጠቀሰው እርሱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ ውዱ «ዘ ፋንታሲ ፋን» ነው። ቻርልስ ሆርኒግ በመስከረም 1933 ሲያስጀምረው የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ «የመፍላት ነጥብ» ብሎ በሰየመው አምድ ላይ የ16 ዓመቱ ፎረስት አከርማን የክላርክ አሽተን ስሚዝን አንድ የማርስ ታሪክ ክፉኛ ነቀፈ፤ እንዲህ ያለ የሰቆቃ ታሪክ የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት ውስጥ ምን ይሠራል ነው ክርክሩ። ላቭክራፍት ሳይቀር ለስሚዝ ቆሞ መለሰ። አንጋፋ ደራሲና የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ገጽ ላይ እኩል ተፋጠጡ! ነገሩ እየመረረ ስለሄደ ሆርኒግ በጥቂት ወራት ውስጥ አምዱን ዘጋው። በዚያው መጽሔት ላቭክራፍት ስለ አስፈሪ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የጻፈውን ረጅም ድርሰት በተከታታይ አወጣ። ድርሰቱ በዋናው የንባብ ጥቆማ ነው፤ ይህን ደራሲ አንብቡ፣ ይህ መጽሐፍ እዚህ ላይ ይበረታል፣ እዚህ ላይ ይደክማል ይላል። መጽሔቱ በየካቲት 1935 በ18ኛ እትሙ ሲቆም ድርሰቱም ሳያልቅ ተቋረጠ። ገርንስባክ ግን የልጁን ሥራ አይቶ ገና በ17 ዓመቱ «ወንደር ስቶሪስ» ለተባለው መጽሔቱ አዘጋጅ አድርጎ ቀጥሮት ነበር።

ሆርኒግ ማተሚያ ቤት አገኘ። የብዙዎቹ መሣሪያ ግን የስቴንስል ማባዣ ነበር፤ ይህን መሣሪያ እኔም በደንብ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ በአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት የማባዛው እኔ ነበርሁ። የታይፕ መኪናው ሪባን ወደ ታች ይወርድና ፊደሉ ሰም የተቀባውን ወረቀት ራቁቱን ይመታዋል። ጠንከር አድርገህ ከመታህ እንደ «ዐ» ያለው ፊደል ክቡን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ሲባዛ በቦታው ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ለስለስ ካደረግህ ደግሞ ቀለም አያሳልፍም። ስሕተት ሲኖር ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ማረሚያ በትንሽ ብሩሽ ይቀባል፤ እስኪደርቅ እፍ እየተባለ ይጠበቃል፤ በላዩ እንደገና ይጻፋል። መዘውሩን ስታዞር እጅህ እስከ አንጓህ ጥቁር ይሆናል። ለደመወዝ ስሠራው እንኳ የሚያደክም ሥራ ነበር። እነዚያ ልጆች ይህን ሁሉ ያደረጉት አንድ መጽሐፍ ስለ ወደዱ ብቻ መሆኑን ሳስብ ለእነርሱ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

በ1937 ዶናልድ ዎልሃይም ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ማኅበር አሠራሩ ከእኛ ዕቁብ ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ አባል የራሱን ጽሑፍ በአባላቱ ቁጥር ልክ አባዝቶ ለአንድ ሰብሳቢ ይልካል፤ ሰብሳቢው ከሁሉም አንድ አንድ አንሥቶ ይጠርዝና ለእያንዳንዱ መልሶ ያደርሳል። አንዱን የሰጠ የሁሉንም ያገኛል። በሚቀጥለው ዙር ያነበበውን እየጠቀሰ ይመልሳል። የአንድ ክርክር ምላሽ ለመድረስ ወራት ይፈጃል፤ ሆኖም ጸሐፊው ቃሉን እንዲመዝን ጊዜ የሚሰጠው ይኸው መዘግየት ይመስለኛል።

ይህ ዎልሃይም ከ28 ዓመት በኋላ ደግሞ በሌላ ታሪክ ይመጣል። የቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በለንደን በ1954 እና 1955 በሦስት ጥራዝ ከወጣ ጀምሮ ደራሲው በደብዳቤ ተጥለቅልቆ ነበር። ፒተር ሄስቲንግስ የተባለ የኦክስፎርድ ካቶሊክ መጽሐፍ ሻጭ በ1954 በመጽሐፉ ውስጥ የሚገኘውን የቶም ቦምባዲልን ማንነትና ሌሎች የሃይማኖት ጥያቄዎችን አንሥቶ ጻፈለት። ቶልኪን ረጅም መልስ አረቀቀና ራስን ከልክ በላይ ማክበር መሰለው፤ ሳይልከው ቀረ። ረቂቁ ከሞቱ በኋላ በታተሙት ደብዳቤዎቹ መካከል ስለሚገኝ ዛሬ ማንም ሊያነበው ይችላል። ቦምባዲል ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም አንባቢ ያጋጫል። ቶልኪን ራሱ ሆን ብሎ ምሥጢር እንዳደረገው ለአንዲት ወዳጁ ጽፎ ነበርና ትክክል ነው እላለሁ፤ ሁሉን የሚመልስ መጽሐፍ የሚነጋገርበት አንባቢ አያፈራም።

በ1965 ዎልሃይም ዋና አዘጋጅ የሆነበት ኤስ ቡክስ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በኩል ክፍተት አለ ብሎ የቶልኪንን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ በ75 ሳንቲም አውጥቶ ሸጠው። ቶልኪን ለሚጽፉለት አሜሪካውያን በሚሰጠው መልስ ነገሩን ይገልጽላቸው ጀመር። እነርሱም ወሬውን ለጓደኞቻቸው አዳረሱ። ባላንታይን የተባለው አሳታሚ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተፈቀደውን እትም በ95 ሳንቲም አወጣ። በ20 ሳንቲም የሚበልጠውን እትም አንባቢ መረጠ፤ ኤስም ለደራሲው ክፍያውን ለመስጠትና መጽሐፉን ዳግመኛ ላለማተም ተስማማ። ብዙዎች ቶልኪንን ያሳወቀው ርካሹ እትም ነው ይላሉ። ዋጋው ማንበብን ቢያስጀምርም መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ ያዞረው የአንባቢዎች ወሬ ነው ባይ ነኝ።

በዚያው ዓመት ሪቻርድ ፕሎትስ የተባለ የብሩክሊን ተማሪ የአሜሪካን የቶልኪን ማኅበር መሠረተ፤ ቶልኪንም ጻፈለት። በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሌን ጉድናይት ሌላ ማኅበር አቆመ፤ በ1969 ቬራ ቻፕማን የብሪታንያውን። የመጽሐፉን ጀግና የሚያወሳው «ፍሮዶ በሕይወት አለ» የሚለው ጽሑፍ በደረት ምልክትም፣ በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ግድግዳም ላይ ይታይ ነበር። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁት የዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ጥራዝ አለኝ። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ከድልድዩ የሚወድቅበት ገጽ ኅዳግ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በእርሳስ «አልሞተም፤ ይመለሳል» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ምን አውቀህ?» ይላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተዋውቀው ይሆን እያልሁ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።

በ1963 «ፋንታስቲክ ፎር» የተባለው የሥዕል መጽሔት 20ኛ እትሙ ላይ የአንድ የኒው ጀርሲ ታዳጊ ደብዳቤ ወጣ። ስሙ ጆርጅ ማርቲን ይባላል፤ በኋላ «ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን የጻፈው እርሱ ነው። አድራሻውን አይተው ሌሎች አንባቢዎች በማባዣ የተሠሩ መጽሔቶቻቸውን ላኩለት፤ የመጀመሪያ ታሪኮቹንም ለእንደነዚህ ያሉ መጽሔቶች ጻፈ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ደብዳቤው ፈጠነ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም። ሮበርት ጆርዳን «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» ብሎ በሰየመው ተከታታይ በአምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ፣ በ1993፣ አስሞዲያን የተባለ ሰው አንድ በር ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ያውቀዋል፤ ይሞታል። ገዳዩ ማን ነው? አንባቢዎች ተጠርጣሪዎቹን በየተራ እየመረመሩ፣ ማን በዚያ ቀን የት እንደነበረ ከየምዕራፉ እየለቀሙ፣ እንደ ዐቃቤ ሕግ መዝገብ አዘጋጁ። ጆርዳን ፍንጩ መጽሐፉ ውስጥ አለ ከማለት ሌላ አልተነፈሰም፤ በመስከረም 2007 ተከታታዩን ሳይጨርስ ዐረፈ።

ያን ጊዜ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ ወጣት ደራሲ የኀዘን ጽሑፍ ጻፈ። ገና ልጅ ሳለ የተከታታዩን የመጀመሪያ መጽሐፍ አንብቦ በዚያው ተማርኮ የቀረ አንባቢ ነበር፤ ጽሑፉም የአንባቢ ምስጋና ነው። የጆርዳን ሚስትና አርታዒ ሃሪየት ማክዱጋል ያንን አነበበች፤ ከዚያም አንዱን ልቦለዱን አንብባ ሥራውን እንዲጨርስ ጠየቀችው። የአስሞዲያን ገዳይ ግሬንዳል የተባለች ሴት መሆኗ በ2010 በወጣው 13ኛ መጽሐፍ መጨረሻ፣ በመፍቻው ውስጥ፣ በስሟ ሥር ተጽፎ ተገኘ። 17 ዓመት ያከራከረ ጉዳይ በመፍቻ ውስጥ መመለሱ ለእኔ አንሶብኛል፤ አንድ ሙሉ ትዕይንት ይገባው ነበር።

የመጨረሻው መጽሐፍ በጥር 2013 ወጣ። የመዝጊያውን ትዕይንት ጆርዳን ራሱ ከመሞቱ በፊት ጽፎት ነበር። በእርሱ ውስጥ የተከታታዩ ዋና ገጸ ባሕርይ ራንድ አስማታዊ ኃይሉን ካጣ በኋላ ፒፓውን በሐሳቡ ብቻ ይለኩሳል፤ እንዴት እንደቻለ መጽሐፉ አይናገርም። አንባቢዎቹም በዚያው ሳምንት ፒፓው ላይ መከራከር ጀመሩ።