የኦም ሕግ እንዴት እንደ ተገኘና ስለ ተሰረዘው ገጽ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ለዚህ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ እኛ የፊዚክስ ክፍል ተማሪዎች የመረጥነው የነገሥታትን ወይም የጦርነትን ታሪክ ሳይሆን የአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህርን ታሪክ ነው። ወደዚህ ታሪክ ያደረሰን የራሳችን ጥፋት ስለ ሆነ አስቀድመን እርሱን እንናዘዛለን።

በላቦራቶሪ ሦስት የባትሪ ድንጋዮች በተርታ አያይዘን፥ ኮረንቱን በአንድ ቀጭን ሽቦ አሳልፈን፥ የሽቦውን ተቃውሞ እንድናሰላ ታዘዝን። ተቃውሞ ማለት ሽቦው ኮረንት እንደ ልብ እንዳያልፍበት የሚያደርገው መከላከል ነው፤ የሚገኘውም ቮልቱን ለአምፔሩ በማካፈል ነው። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ 1.5 ቮልት ተብሎ ስለ ተጻፈ፥ ሦስቱ 4.5 ቮልት ናቸው ብለን ቮልቱን ሳንለካ አምፔሩን ብቻ አነበብን። መጀመሪያ 0.6 አምፔር ሆነ፤ ሒሳቡም 7.5 ኦም ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ግን መርፌው ወደ 0.5 ወረደ፤ ሒሳቡም 9 ኦም ሆነ። ሽቦው ያው ሽቦ፥ ርዝመቱም ያው ርዝመት! ግራ ቢገባን የመጀመሪያውን ቍጥር በሁሉም መስመር ላይ ጻፍነውና ደብተሩን አስረከብን። መምህራችን አንብበው ሲጨርሱ አልተቈጡም፤ «በእናንተ ደብተር ውስጥ ያለው የባትሪ ድንጋይ አይደክምም ወይ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ከዚያም የጌኦርግ ሲሞን ኦምን ታሪክ አንብበን እንድንመጣ አዘዙን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ኦም በ1789 በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ነገር ግን ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ስለ ነበር ለልጆቹ ሒሳብ ያስተማራቸው እርሱ ነው። ኦም ከ1817 ጀምሮ በኮሎኝ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ እያስተማረ፥ በዚያው ትምህርት ቤት መሣሪያዎች ምርምር ያደርግ ነበር።

በዚያ ዘመን ተመራማሪዎች ኮረንት ያገኙ የነበረው ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 ካስታወቀው ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ሥራ እንደ ጀመረ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ መርፌው ሲወርድ ሽቦው ይሁን ባትሪው ምክንያቱ ለመለየት ያስቸግራል። የእኛው ችግር መሆኑ ነው። ኦምም በ1825 ባሳተመው የመጀመሪያ ጽሑፉ በሎጋሪዝም ላይ የቆመ አንድ ቀመር አቀረበ፤ ቀመሩም ስሕተት ነበር። ስሕተቱ በስሙ ታትሞ ወጥቷልና ሊደብቀው አይቻልም።

መፍትሔውን ያመለከተው የሳይንስ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፖገንዶርፍ ነው፤ ይኸውም ባትሪውን ትቶ ዜቤክ በ1821 ባገኘው፥ ከሙቀት በሚወጣው ኤሌክትሪክ እንዲጠቀም መከረው። የአሠራሩ ዘዴ እንዲህ ነው፤ የቢስሙት ብረት በሁለቱም ጫፉ ከመዳብ ጋር ይያያዝና አንዱ መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፥ ሌላው በበረዶ ይያዛል። ውሃው እስከ ፈላ፥ በረዶውም ቀልጦ እስካላለቀ ድረስ የሙቀቱ ልዩነት አይለወጥም፤ ስለዚህ ኮረንቱን የሚገፋው ኃይልም ባለበት ይጸናል። ቮልት መለኪያ ባልነበረበት ጊዜ ከዚህ የተሻለ ብልሃት መኖሩን እንጠራጠራለን።

በ1826 ኦም ውፍረታቸው አንድ የሆነ፥ ርዝመታቸው ግን ከ2 እስከ 130 ኢንች የሚደርስ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን ተራ በተራ እያገናኘ፥ ኮረንቱን በተንጠለጠለ ማግኔታዊ መርፌ ለካ። ያገኘውም ይህ ነው፤ ኮረንቱ የሚገፋው ኃይል ለጠቅላላው ተቃውሞ ሲካፈል ነው። ጠቅላላው ያልነው፥ ከሽቦው ሌላ የቀረው የመሣሪያው ክፍል ሁሉ የራሱ ተቃውሞ ስላለው ነው። እኛ ይህን ረስተን ነበር፤ የባትሪ ድንጋይም በውስጡ ተቃውሞ አለውና።

በ1827 መጽሐፉ በበርሊን ታተመ፤ ነገር ግን በአገሩ ብዙ ተቀባይ አላገኘም። ተስፋ ያደረገው የዩኒቨርሲቲ ሥራ ስላልተሰጠው የኮሎኙን ሥራ ለቀቀና እስከ 1833 ድረስ ደህና ሥራ ሳያገኝ ቆየ። በ1841 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳይ ሰጠው። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆነው በ1852 ሲሆን፥ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ስሙ የተቃውሞ መለኪያ እንዲሆን የተወሰነው በ1881 በፓሪስ በተደረገ ጉባኤ ነው።

ኦም በተሸለመበት በዚያው በ1841 እንግሊዛዊው የቢራ ጠማቂ ልጅ ጁል፥ ኮረንት ያለበትን ሽቦ በውሃ ውስጥ አድርጎ ሙቀቱን በቴርሞሜትር በመለካት ያገኘውን አሳተመ። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። (በአንድ ሶኬት ላይ ብዙ ምድጃ ለሚሰኩ ወላጆቻችን ይህ ቢነገራቸው መልካም ነው።) ዛሬ በዋት የምንለካው ኃይልም ቮልቱን በአምፔሩ በማብዛት ይገኛል፤ በ220 ቮልት 5 አምፔር የሚስብ ምድጃ 1100 ዋት ነው፥ ተቃውሞውም 44 ኦም።

ይህን ሁሉ አንብበን ወደ ላቦራቶሪ ተመለስን። አሁን ቮልት መለኪያውን በሽቦው ሁለት ጫፎች ላይ አድርገን ሁለቱንም መርፌዎች በአንድ ጊዜ አነበብን። መጀመሪያ 3.6 ቮልትና 0.6 አምፔር፤ ድንጋዮቹ ሲደክሙ 3.0 ቮልትና 0.5 አምፔር። ሁለቱም 6 ኦም! ኃይሉ ግን ከ2.16 ወደ 1.5 ዋት ወርዶ ነበር። የፊተኛውን ገጽ በአንድ መስመር ሰረዝነው፤ ልንቀደው ስንል መምህራችን ከለከሉን። ደብተሩ በበዓሉ ቀን በፊዚክስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ፥ ሁለቱ ገጾች እንደ ተገለጡ ይቀመጣል።