ካርድ አስይዞ መጫወት፦ ከብይ እስከ ብሎክቼን

ብይ ተጫውቶ ያደገ ሰው ሁለቱን ጨዋታ ይለያል፤ እንዲሁ ለመዝናናት የሚጫወቱት አለ፣ አስይዘው የሚጫወቱት አለ። አስይዘህ ከተሸነፍክ ብይህ ሄደች። ዛሬ በብሎክቼን የካርድ ጨዋታዎች ዘንድ «ስቴኪንግ» የሚሉት ነገር በአማርኛ ያው «ማስያዝ» ነው። ትርጉሙ ግን ተገልብጧል፤ ያስያዘ ሰው ካርዱን አይነጠቅም፣ ጭራሽ ይሸለማል! እንዴት እዚህ ደረስን?

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለውን የካርድ ጨዋታ አወጣ። ጋርፊልድ ጨዋታውን ያሰበው እንደ ብይ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ስብስብ ይዞ ይመጣል። እናም በመጀመሪያው ደንብ ሁለቱ ተጫዋቾች ከካርዶቻቸው አንዳንድ ያስይዛሉ፣ ያሸነፈ ሁለቱንም ይወስዳል። ብዙዎች ግን በገንዘባቸው የገዙትን ካርድ መነጠቅ አልወደዱም፤ ነገሩም ከቁማር ሕግ ጋር የሚያነካካ ነበር። ከ1995 በኋላ ማስያዝን የሚጠቅስ አዲስ ካርድ አልታተመም፤ ደንቡም ቀስ በቀስ ሞተ።

ካርዱ ግን ገበያ ሆኖ ቀረ። በ2007 ጄድ ማክሌብ የማጂክ ካርዶች በኢንተርኔት የሚገበያዩበት ድረ ገጽ ሊከፍት አሰበና ስሙን ከእንግሊዝኛው አሳጥሮ «ኤምቲ ጎክስ» አለው። በ2010 ያው ስም የቢትኮይን መገበያያ ሆነ፤ በ2014 ደግሞ 850,000 ቢትኮይን ጠፋብኝ ብሎ ተዘጋ (200,000 ያህሉ በኋላ ተገኝቷል)። ካርድና ክሪፕቶ የተዛመዱት ገና ያኔ ነው ማለት ነው።

በ2018 «ስቲም ሞንስተርስ»፣ የኋላው «ስፕሊንተርላንድስ» መጣ። እያንዳንዱ ካርድ በብሎክቼን ላይ የተመዘገበ ንብረት ነው። በሐምሌ 2021 «ኤስፒኤስ» የተባለ ቶክን ወጣ፤ ካርድና ሌላ የጨዋታው ንብረት በእጁ ያለ ሰው ለአንድ ዓመት ያህል በየቀኑ ድርሻውን አገኘ። ቶክኑን መልሶ ላስያዘ ደግሞ ተጨማሪ ቶክን። በ2023 ካርዶቹ ራሳቸው በጨዋታው «መሬት» ላይ እየተያዙ ምርት ማምረት ጀመሩ።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ። በብይ ያሸነፍከው ብይ ከጓደኛህ ኪስ የወጣ ነው። በዕቁብ የሚደርስህ ገንዘብ አባላቱ ያዋጡት ነው። የቶክን ሽልማት ግን በአብዛኛው አዲስ የሚወጣ ቶክን ነው። የቶክኑ ቁጥር በየቀኑ ሲጨምር ገዢው ካልጨመረ ዋጋው ይወርዳል። ኤስፒኤስ በ2021 1 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ ከ10 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዷል። በቁጥር ሲታይ ግን የሁሉም ቶክን ጨምሯል!

ይህን ማጭበርበር ነው ለማለት አይደለም። የቶክኑ ጣሪያ 3 ቢሊዮን መሆኑ አስቀድሞ የተነገረ ነው። ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ተሸናፊው ከፊታችን ተሰወረ። ድሮ ካርዱን የተነጠቀው ልጅ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ሲያኮርፍ ታየዋለህ። አሁን የሚሸነፈው ዘግይቶ በውድ የገዛው፣ ስሙንም የማታውቀው ሰው ነው። ምናልባትም አንተ ራስህ።

ስለዚህ «አስይዝና ተሸለም» የሚል ሲመጣ አንዲት የብይ ሜዳ ጥያቄ ትበቃለች፦ ሽልማቱ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው?