ወጣትን ይዞ በመጸው መገባደጃ፦ የአውሮፓ የትምህርት ጉዞ ታሪክ

ከ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 18ኛው ማብቂያ ድረስ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ትምህርቱ ተሟላ የሚባለው አውሮፓን ዞሮ ሲመለስ ነበር። ወጣቱ ከ16 እስከ 20 ባለው ዕድሜው ከአንድ ሞግዚት መምህር ጋር ባሕር ተሻግሮ በፓሪስ በኩል ወደ ኢጣሊያ ይወርዳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ቆይቶ ይመለሳል። ልማዱ «ግራንድ ቱር»፣ ማለትም ታላቁ ዙረት፣ የሚለውን ስም በጽሑፍ ያገኘው ሪቻርድ ላስልስ በተባለ የካቶሊክ ቄስ መጽሐፍ ሲሆን፣ መጽሐፉም በ1670 በፓሪስ ታትሟል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላስልስ ራሱ ወጣቶችን እየመራ ደጋግሞ ኢጣሊያ የወረደ ሞግዚት ስለነበር የጻፈው በዓይኑ ያየውን ነው።

የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከወቅቱ ነው። በሮም ዙሪያ ያለው ረግረጋማ ሜዳ በበጋው ሙቀት የወባ መናኸሪያ ስለሚሆን፣ አቅም ያለው ሁሉ በእነዚያ ወራት ከዚያ ይሸሻል። በአንጻሩ የኢጣሊያ ከተሞች ሞቅ የሚሉት በብርዱ ወራት ነው። የኦፔራ ቤቶች ዋናው ወቅት ዲሴምበር 26 ይከፈታል፤ የቬኒስ ካርኒቫል ከዐቢይ ጾም በፊት ይደምቃል፤ የሮም ታላቅ ሳምንት ደግሞ የሰሞነ ሕማማት ሥርዓት ነው። ስለዚህ መንገዱን የሚያቅደው ሰው ቀኑን ወደ ኋላ ይቆጥራል። ፋሲካን በሮም፣ ካርኒቫልን በቬኒስ ወይም በሚላኖ ማየት የፈለገ ሰው፣ ከባዱ በረዶ ሳይወርድ በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር የአልፕስን ተራራ መሻገር ነበረበት። የመጸው መገባደጃ የጉዞ ወቅት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከባዱም መሻገሪያው ነበር። ከፈረንሳይ የሚመጣው መንገደኛ በብዛት የሚመርጠው የሞን ሰኒ በር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ናፖሊዮን በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጥርጊያ መንገድ እስካሠራበት ጊዜ ድረስ ሠረገላ አያሳልፍም ነበር። ተራራው ሥር ሲደረስ ሠረገላው ተፈታቶ በበቅሎ ይጫናል። መንገደኛው መሎጊያ በገባበት ዝቅተኛ ወንበር ላይ ይቀመጥና የአካባቢው ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ያሻግሩታል፤ ማዶ ሲወርድ ሠረገላው ተመልሶ ይገጣጠማል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ሆረስ ዋልፖልና ጓደኛው ባለቅኔው ቶማስ ግሬይ ይህን በር ያለፉት በኖቬምበር 1739 ነው። ሁለቱም ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ወጣቶች ነበሩ። በተራራው መንገድ ላይ ሳሉ የዋልፖልን ትንሽ ውሻ ተኩላ በጠራራ ፀሐይ ነጥቆት ሄደ። ጓደኝነታቸውም ቢሆን ያን ያህል ጉዞ ሊሸከም አልቻለም፤ በ1741 ኢጣሊያ ውስጥ ተጣልተው ተለያዩ፤ የታረቁት አገራቸው ከገቡ ከዓመታት በኋላ ነው።

ስንቁ ከገንዘብ ይልቅ ወረቀት ነበር። መንገደኛው ለንደን ያለ ባንክ የጻፈለትን ደብዳቤ ይይዛል፤ በዚያም በየከተማው ካለ ባለ ባንክ ገንዘብ ያወጣል። ኢጣሊያ ያኔ በብዙ መንግሥታት የተከፋፈለች በመሆኗ ኬላው፣ ቀረጡና የይለፍ ወረቀቱ ማለቂያ አልነበረውም። የወረርሽኝ ወሬ በተሰማ ጊዜ ደግሞ ከጤነኛ አገር መምጣቱን የሚያረጋግጥ የጤና ወረቀት ይጠየቃል። ብዙዎች ከጣጣው ለመዳን በኢጣሊያ «ቬቱሪኖ» ከሚባለው ባለ ሠረገላ ጋር ይዋዋሉ ነበር። እርሱም በአንድ ዋጋ ያጓጉዛል፣ ያበላል፣ ማደሪያም ይይዛል።

ከወቅቱና ከመንገዱ በላይ ግን የጉዞውን ዕድል የሚወስነው አብሮ የሚሄደው ሰው ነበር። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ በወጣትነቱ የካቨንዲሽን ቤት ልጅ ይዞ አውሮፓን ዞሯል። አዳም ስሚዝም በ1764 የግላስጎው ፕሮፌሰርነቱን ትቶ የ17 ዓመቱን የበክሉ መስፍን ወደ ፈረንሳይ ወሰደ፤ ደመወዙ በዓመት 300 ፓውንድ ሲሆን ከጉዞው በኋላም የዕድሜ ልክ ጡረታ ተቆርጦለታል። ቱሉዝ ላይ ሥራ ፈትቶ ጊዜው አልገፋ ቢለው አንድ መጽሐፍ መጻፍ መጀመሩን ለወዳጁ ለዴቪድ ሂዩም ነግሮታል። ጉዞው በሐዘን ነው ያለቀው። የመስፍኑ ታናሽ ወንድም በኦክቶበር 1766 ፓሪስ ላይ ታሞ ሞተ፤ ስሚዝም በመጸው መገባደጃ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ «የአገሮች ሀብት» በተሰኘው መጽሐፉ ልማዱን ያለ ርኅራኄ ነቅፎታል። ልጅን በ17 ወይም በ18 ዓመቱ ወደ ውጭ መላክ ከወላጅ ቁጥጥር ያርቀዋል፣ ለከባድ ትምህርትም ሆነ ለሥራ የማይመች አድርጎ ይመልሰዋል ባይ ነው። ልማዱ የተስፋፋውም ዩኒቨርሲቲዎቹ ስለደከሙ ነው ሲል ጽፏል። ሥራውን ራሱ የሠራ ሰው የሰጠው ምስክርነት በመሆኑ ክብደት አለው።

ሎርድ ቼስተርፊልድ የስሚዝን ነቀፌታ የሚያጠናክር ምሳሌ ነው። ከጋብቻ ውጭ የወለደውን ፊሊፕ ስታንሆፕን በ1746፣ ልጁ ገና 14 ዓመቱ ሳለ፣ ዋልተር ሃርት ከተባለ ሞግዚት ጋር ላከው። ልጁ በሎዛን፣ በላይፕሲግ፣ በሮምና በፓሪስ ዓመታት አሳለፈ። አባት አብሮ አልሄደም፤ በምትኩ ጥዋት ምን እንደሚያጠና፣ ማታ ከማን ጋር እንደሚያመሽ፣ ሰው ፊት እንዴት እንደሚቆም በደብዳቤ ያዝዘው ነበር። ልጁ ግን ዓይን አፋርነቱ አልለቀቀውም። በ1768 ሲሞት አባቱ የማያውቃት ሚስትና ልጆች እንደነበሩት ታወቀ። አባቱም ካረፈ በኋላ፣ በ1774፣ ደብዳቤዎቹን ያሳተመችው ይህችው ሚስት ናት። በርቀት የሚሰጥ መመሪያ ምንም ያህል ቢያምር የወጣቱን ልብ እንደማያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በዚያው መቶ ዘመን ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለውን ጉዞ ያቀደው መኳንንት ሳይሆን ደመወዝተኛ ሙዚቀኛ ነበር። ሊዮፖልድ ሞዛርት ከሳልዝቡርግ የተነሣው ዲሴምበር 13 ቀን 1769 ሲሆን፣ ልጁ ቮልፍጋንግ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። እናትና እኅት ቤት ቀሩ። አሠሪው ሊቀ ጳጳስ ፈቃድና 120 ዱካት ሰጠው፤ የቀረውን ወጪ በየከተማው ከሚደረግ ኮንሰርትና ከመሳፍንት ስጦታ ይሸፍናል። መንገዱም ከሞን ሰኒ ዝቅ ባለው፣ ሠረገላ በሚያሳልፈው በብሬነር በኩል ነበር። አባትና ልጅ ሚላኖ በደረሱ ጊዜ የሎምባርዲያው አስተዳዳሪ ካውንት ፊርሚያን አስተናገዳቸው፤ ለሚቀጥለው የካርኒቫል ወቅት የሚሆን ኦፔራም ልጁን አዘዘው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ በዚያ ቀጠሮ ዙሪያ ተደለደለ። በኤፕሪል የሰሞነ ሕማማቱን ዜማ በሮም ሰሙ፤ ከዚያም ወርደው ኔፕልስን፣ ቬሱቪየስንና ከተቀበረችበት ገና በመውጣት ላይ የነበረችውን ፖምፔን አዩ። ወደ ሮም ሲመለሱ የሠረገላ አደጋ ደርሶ የአባት እግር ክፉኛ ተጎዳ። በጁላይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 14ኛ ለልጁ የወርቅ ስፐር (የፈረስ መኮርኮሪያ) ኒሻን ሰጡት፤ በኦክቶበር ደግሞ የቦሎኛ የሙዚቃ አካዳሚ ፈትኖ አባል አደረገው። ሊዮፖልድ ለሚስቱ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ከክብሩ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው የቤት ወሬው ነው፦ የልጁ ድምፅ እንደጎረነነ፣ እንደ ድሮው መዘመር እንዳቃተው፣ ሰውነቱ አድጎ ልብሱ እንደጠበበው ይነግራታል። ልጁም በደብዳቤው ጠርዝ ለእኅቱ ቀልድ ይጨምራል። ዲሴምበር 26 ቀን 1770 የታዘዘው ኦፔራ «ሚትሪዳቴ» በሚላኖ ሲቀርብ ደራሲው ገና 15 ዓመት አልሞላውም። በኦክቶበር 24 ቀን 1772 አባትና ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኢጣሊያ ተነሡ፤ ኖቬምበር 4 ሚላኖ ገቡ፤ የ16 ዓመቱ ልጅም እዚያው ተቀምጦ «ሉቺዮ ሲላ» የተባለውን ሌላ ኦፔራ ለዚያ ዓመት ዲሴምበር 26 አደረሰ።

የሊዮፖልድ ዕቅድ ከመኳንንቱ የሚለየው በገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ወጣት የሚሄደው ሊያይ ነው፤ ቮልፍጋንግ ግን የሚጨርሰው ሥራ፣ የሚያስተምረው መምህርና የሚጠብቀው ሕዝብ ነበረው። አባቱም አጠገቡ ነበር።

ታላቁ ዙረት በፈረንሳይ አብዮትና በናፖሊዮን ጦርነቶች ተቋረጠ። ሰላም ሲመለስ ሌላ ዓለም ጠበቀው። ቶማስ ኩክ በ1855 እንግሊዛውያንን በቡድን ወደ አህጉሩ ማሻገር ጀመረ። በ1871 ደግሞ በአልፕስ ሥር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የባቡር ዋሻ ተከፈተ፤ ግሬይና ዋልፖል በወንበር በሰው ሸክም ያለፉት ተራራ በደቂቃዎች የሚታለፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዕድሉ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ልጅ ወረደ። ጀርመናዊው መምህር ሪቻርድ ሺርማን በ1909 ከተማሪዎቹ ጋር በእግር ሲጓዝ ዝናብ ይዞት ትምህርት ቤት ውስጥ አደረ፤ ከዚያ ሌሊት የተወለደው ሐሳብ በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ የወጣቶች ማደሪያ ሆነ። በ1972 ዕድሜያቸው እስከ 21 ለሆኑ ወጣቶች በአንድ ትኬት 21 አገሮችን ለአንድ ወር የሚያሳይ «ኢንተርሬይል» የተባለ የባቡር ጉዞ ተጀመረ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች አወዳድሮ የባቡር ትኬታቸውን በነጻ ይሰጣል።