የጠቢባን ምክርና የሶቅራጥስ ጥያቄ

ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ መንገደኛ ሁለት የትምህርት ዓለማትን ያቋርጣል። ከላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ደብር አለ፤ ማሕሌቱ ለዘመናት በቃል ሲጠና የኖረ ትምህርት ፍሬ ነው። ከታች፣ በተራራው ግርጌ፣ ዩኒቨርሲቲው ይገኛል። በስተ ምሥራቅ ባለው የየካ ክልል ደግሞ፣ ኮተቤ ላይ፣ መምህራን ይሠለጥናሉ። በሦስቱም ስፍራ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማስተማር ዕውቀትን መንገር ነው ወይስ ተማሪው ራሱ እንዲደርስበት መጠየቅ?

ይህ ክርክር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አቴናን አናውጧት ነበር። ሶፊስት የተባሉት መምህራን ዋጋ እየተቀበሉ ወጣቱን በሸንጎ መርታትን ያስተምሩ ነበር። አፍላጦን በጻፈው ምልልስ ውስጥ ጎርጊያስ፣ ሐኪሙ ወንድሙ መድኃኒት እንዲወስድ ሊያግባባው ያልቻለውን ሕመምተኛ እርሱ በንግግር ብቻ እንዳሳመነው ይመካል። ሶቅራጥስ ግን ሐኪምና ወጥ ቤት በሕፃናት ዳኝነት ፊት ቢሟገቱ የሚረታው ወጥ ቤቱ መሆኑን ያስረዳል። ማሳመን ከማወቅ ሲለይ ጣፋጩ ጠቃሚውን ያሸንፋል ማለቱ ነው። «ሜኖን» በተባለው ምልልስ ደግሞ ጂኦሜትሪ ያልተማረ ባሪያ ልጅ በሶቅራጥስ ጥያቄ እየተመራ፣ መጀመሪያ ተሳስቶ፣ ቀጥሎ ግራ ተጋብቶ፣ በመጨረሻ የአንድን ካሬ ስፋት እጥፍ የሚያደርገውን መሥመር ያገኛል። ሶቅራጥስ በ399 ዓመተ ዓለም ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በሞት ተቀጣ። ከእርሱ በኋላ የመጣው አርስጣጣሊስ የማሳመንን ጥበብ ሳይንቅ፣ ኃይሉ ከተናጋሪው ጠባይ፣ ከአድማጩ ስሜትና ከነገሩ ማስረጃ እንደሚመነጭ አስተማረ።

አገራችን ከግሪክ ፊደል ጋር የተዋወቀችው በአክሱም ዘመን ነው። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክኛም ጭምር ነበር፤ «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪክኛ ነው። የፈላስፎቹ ቃል ግን የመጣው በረዥም መንገድ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ በባግዳድ በዐረብኛ ካሰባሰባቸው አባባሎች የሚመነጨውን መድበል፣ አባ ሚካኤል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ግዕዝ መለሱት፤ «መጽሐፈ ፈላስፋ» ተባለ። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ ተርጉመው አዲስ አበባ ላይ ያሳተሙት ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር፣ የኢትዮጵያ ተርጓሚ ቃል በቃል እንደማይገለብጥ፣ ይልቁንም እየጨመረና እየቀነሰ የራሱ እንደሚያደርገው አስረድተዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ጉዞ የቀረ ነገር አለ። በግዕዙ መጽሐፍ ሶቅራጥስ በአብዛኛው መካሪ ነው። የአቴናው ሶቅራጥስ ግን ከመምከሩ ይልቅ መጠየቁ ይበዛ ነበር። ምክሩ ባሕር ተሻግሮ ሲደርስ፣ ምክሩን የወለደው ሙግት በመንገድ ቀረ።

ታዲያ ጥያቄው በእኛ ዘንድ አልነበረምን? ነበረ። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ አጥንቶ ቢደግም አይመሰገንም፤ በየዕለቱ አዲስ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ስለ እያንዳንዱ ቃል ይጠየቃል። በቀድሞው ችሎትም «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚሟገቱ ሰዎች የማሳመንን ኃይል አሳይተውናል፤ አንደበተ ርቱዑ ባለ እውነቱን የሚረታበት ቀን እንደነበረም ሕዝቡ አይዘነጋም። ሶፊስቱም ሶቅራጥስም በአገራችን አምሳያ ነበራቸው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከግሪክ የወረስነውን ስንመረምር የጠቢባኑን ስምና ምክር መቁጠር ብቻ አይበቃም። በእንጦጦ ግርጌም ሆነ በኮተቤ የሚሠለጥን መምህር ጥቁር ሰሌዳውን ሞልቶ ከማስገልበጡ በፊት እንደ ቅኔ መምህሩ ተማሪውን ቢያናግረው፣ እንደ ሶቅራጥስም ሲሳሳት ቢታገሠው፣ በመንገድ የቀረው የርስታችን እኩሌታ ይመለሳል። እንዲህ የተማረ ወጣት ነገ በሸንጎ ፊት ሲቆም፣ ያማረ ንግግር ከእውነት የሚለይበትን ወሰን ያውቃል።